በባሕር ላይ የሚሄድ ትምህርት ቤት

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ አንዲት እናት በደጀ ሰላሙ አጠገብ አስቆሙኝና «መምህር፥ ልጄ ትምህርቷን ትታ ወደ ባሕር ልትገባ ነው፤ ምን ባደርግ ይሻለኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንደ ሰማሁት ደነገጥሁ። ኋላ ግን በጥላው ሥር ተቀምጠን ነገሩን ሲያስረዱኝ፥ ልጅቱ ወደ ባሕር የምትገባው ትምህርቷን ትታ ሳይሆን ትምህርቷን ይዛ መሆኑን ተረዳሁ። አሜሪካን አገር በዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷን የምትማር ልጅ ናት። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለውን የትምህርት ጊዜ ዓለምን በሚዞር መርከብ ላይ ሆና ለመማር አስባ፥ አባትና እናቷን ፈቃድ ጠይቃለች። እናቲቱ ከስልካቸው ላይ የመርከቡን ሥዕል አሳዩኝ፤ ነጭ፥ ረዥም፥ ባለ ብዙ መስኮት ነው። «ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ሆቴል?» አሉኝ። ጥያቄው እንደ ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀልድ አልነበረም፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲከራከሩበት የኖሩት ይህንኑ ነው።

መልሱን በዚህ ገጽ ላይ እንደምሰጣቸው ቃል ገብቼላቸው ነበርና እነሆ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

ዩኒቨርሲቲን በመርከብ ላይ የማቆም አሳብ የትናንት አይደለም። ጄምስ ሎፍ የተባሉ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፥ ወጣት ሰው ዓለምን በመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ በዐይኑ ቢያየው የተሻለ ዜጋ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህም ራይንዳም በምትባል የሆላንድ መርከብ 500 ያህል ተማሪዎችን አሳፍረው በሴፕቴምበር 18 ቀን 1926 ከኒው ዮርክ ማዶ ካለው ከሆቦከን ወደብ ተነሡ። ዩኒቨርሲቲያቸው ገና ጉዞው ሳይጀመር ድጋፉን አንሥቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን አልተመለሱም። መርከቢቱ ዓለምን ዞራ በሜይ 1927 አሜሪካን አገር ስትመለስ፥ ተማሪዎቹ ሮማን አይተዋል፥ በሙሶሊኒና በሮማው ፓፓ ፊት ቀርበዋል፥ እስከ ጃፓንም ደርሰዋል። ዳሩ ግን ጋዜጦቹ ከሁሉ አብልጠው የጻፉት ስለ ሌላ ነገር ነበር። ይኸውም በየወደቡ መጠጥ ቤት ስለ ታዩት፥ በየሆቴሉ ስለ ጮኹትና ስለ ሰከሩት ልጆች ነው። አሜሪካን አገር በዚያ ዘመን መጠጥ በሕግ የተከለከለባት እንደ ነበረች ያስታውሷል፤ እንግዲህ 500 ወጣቶች ወላጅ በሌለበት፥ ሕጉም በማይደርስበት ወደብ ሲወርዱ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዕቅዱ ከሽፏል ተባለ፥ ፕሮፌሰሩም ከሥራቸው ተሰናበቱ።

እኔ ግን ይህን ፍርድ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አምስት መቶው ሁሉ መጠጥ ቤት አልነበሩም። ማታ ማታ በመኝታ ክፍላቸው ተቀምጠው ያዩትን በማስታወሻ ደብተር ሲጽፉ ያመሹትን ማንም ጋዜጠኛ አልቈጠራቸውም፤ ዝም ብሎ የሚማር ልጅ ወሬ አይሆንምና።

ከዚያ በኋላ አሳቡ እንደገና በርትቶ የተነሣው በ1963 ነው። ተማሪዎቹን የተሸከመችው ሰቨን ሲስ፥ ማለት «ሰባቱ ባሕሮች» የምትባል መርከብ ነበረች። በዚህች መርከብ ላይ ጥቂት ብዘገይ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ የሕይወት ታሪኳ ከብዙ ሰዎች ታሪክ ይልቅ ደስ ያሰኘኛል። በ1940 ወደ ውኃ ስትወርድ የንግድ ዕቃ ጫኝ ነበረች፥ ስሟም ሞርማክሜይል ይባል ነበር። በ1941 የአሜሪካን ባሕር ኃይል ወሰዳትና በላይዋ ላይ ጠፍጣፋ የአውሮፕላን መነሻ ሠርቶ፥ ሎንግ አይላንድ የሚል ስም ሰጥቶ የጦር መርከብ አደረጋት። በኦገስት 1942 በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ወዳለችው ወደ ጓዳልካናል ደሴት የጦር አውሮፕላኖችን አድርሳለች። ጦርነቱ ሲያበቃ ወታደሮችን ወደየአገራቸው መለሰች። ከዚያም ተሸጠች፤ በ1949 ደግሞ ኔሊ ተብላ፥ ጦርነቱ ቤታቸውን ያፈረሰባቸውን የአውሮፓ ስደተኞች ወደ አዲስ አገር የምታጓጕዝ ሆነች። በ1953 ሰቨን ሲስ ተባለች፤ በ1963ም የ«ሰባቱ ባሕሮች ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ለተጠራው ትምህርት ቤት ዋለች። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰይፍና ስለ ማረሻ የተናገረው በመርከብ ላይ ሲፈጸም ለማየት የሚሻ ቢኖር፥ ይህችን ቢያስብ ይበቃዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከባሕር ጕዞ ዐርፋ በ1966 ሆላንድ አገር በሮተርዳም ወደብ ቆመች። እዚያም ቢሆን ከተማሪ አልተለየችም፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያ ቤት ሆነች። በ1977 ቤልጅግ አገር ተሰባብራ ለብረትነት እስክትውል ድረስ ዕቃ፥ አውሮፕላን፥ ወታደር፥ ስደተኛና ተማሪ ተሸክማለች። ከእነዚህ ሁሉ ጭነቶች የትኛው ይከብድ እንደ ነበር ብትጠየቅ፥ ምን ትመልስ ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ዕቅዱን በ1965 በካሊፎርኒያ ያለው ቻፕማን ኮሌጅ ተረከበ። ስሙ ሲ ዋይ ተንግ የተባለ ታላቅ ቻይናዊ የመርከብ ባለጸጋም ዓለም በትምህርት ትቀራረባለች ብሎ አሳቡን ወደደው። በ1970 በዓለም ላይ ከነበሩት የመንገደኛ መርከቦች ሁሉ ትልቋ የነበረችውን፥ በጦርነቱ ዘመን ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ወታደሮችን ያመላለሰችውን ኩዊን ኤልሳቤጥን በጨረታ ገዝቶ ወደ ሆንግ ኮንግ ወሰዳትና ተንሳፋፊ ዩኒቨርሲቲ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰባት። ሥራው ሊያልቅ ሲል በጃንዋሪ 9 ቀን 1972 እሳት ተነሥቶባት ነደደች፥ ሊያጠፏት ከረጩባትም ውኃ ብዛት የተነሣ በወደቡ ውስጥ በጎኗ ተጋደመች። አንድም ተማሪ ሳያስተምሩባት አለቀች። ባለጸጋው ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ ዩኒቨርስ ካምፐስ የምትባል ያነሰች መርከብ በቦታዋ ታገለግል ነበርና ትምህርቱ አልተቋረጠም። ከዚያ ወዲህ የፒትስበርግ፥ የቨርጂኒያ፥ በ2016ም የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዕቅዱን በየተራ ተቀብለው ለተማሪዎቹ የትምህርት ማስረጃ ሰጥተዋል። ለልጅቱ እናት የመጀመሪያው መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። ትምህርት ቤት ነው፤ ሆቴልም ነው፤ ሁለቱም በአንድ ብረት ውስጥ ተሠርተዋል።

አኗኗሩ እንዲህ ነው። ጕዞው መቶ ቀን ያህል ይፈጃል፤ በዚህ ውስጥ ዐሥር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡ አገሮች ይጐበኛሉ። የመንገደኞች መዝናኛ የነበረው አዳራሽ መማሪያ ክፍል ይሆናል፥ ሌላው ክፍል ደግሞ ቤተ መጻሕፍት። ትምህርት የሚሰጠው መርከቡ በባሕር ላይ ሳለ ነው፤ ወደብ ሲደርሱ ክፍሎቹ ተዘግተው ተማሪው ወደ ምድር ይወርዳል። ሁሉም ተማሪ በግዴታ የሚማረው፥ ስለሚደርሱባቸው አገሮች የሚያጠና አንድ ትምህርትም አለ። ይህ ሥርዐት መልካም ነው እላለሁ። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ነውና፥ ከወደቡ በፊት መጽሐፉ ይቀድማል። መምህራኑም ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይበላሉ። የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ከአንድ ጊዜ በላይ በዚህ መርከብ ተሳፍረው ከወጣቶቹ ጋር ዓለምን ዞረዋል፤ እንዲህ ካሉ አባት ጋር መቶ ቀን በአንድ ጣራ ሥር ማደር በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል?

ስለ ወጪው አልደብቅም። ለአንዱ የትምህርት ጊዜ የሚከፈለው ከሠላሳ ሺህ ዶላር ይበልጣል። ለችግረኛ ተማሪ የሚሰጥ ርዳታ አለና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ስለ ጕዞ ተብሎ ቤት በዕዳ እንዲያዝ ግን አልመክርም።

እናቲቱ ከሁሉ ይልቅ የፈሩት ማዕበሉን ነበር። በእርግጥ በጃንዋሪ 2005 መርከቡ በሰሜን ሰላማዊ ውቅያኖስ ሲሄድ ቁመቱ 15 ሜትር ያህል የሆነ ማዕበል መትቶት፥ የመርከቡ መሪ ያለበትን ክፍል መስኮት ሰብሮ ውኃ ገባ፥ ሞተሮቹም ቆሙ። ሆኖም ተጠግኖ ሆኖሉሉ ደርሷል፥ ተማሪዎቹም በሕይወት ወጥተዋል። ሞት ግን በምድር ላይ አግኝቷቸዋል። በማርች 1996 ሕንድ አገር ለጕብኝት ሲሄዱ አውቶቡሳቸው በሌሊት ተገልብጦ አራት ተማሪዎች ዐርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ስለዚህ እናት ለልጇ ስትጸልይ ስለ ማዕበሉ ብቻ አትጸልይ፤ ልጅቱንም በሌሊት በባዕድ አገር መንገድ በመኪና እንዳትሄድ አጥብቃ ትምከራት።

እኔን ግን ከማዕበሉም ከአውቶቡሱም ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ይህን ለማስረዳት ወደ አገራችን ልመለስ።

በእኛ ዘንድም እየዞሩ መማር ጥንታዊ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቅኔን ሊማር ወደ ጎጃም፥ ድጓን ሊያስመሰክር ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን ሊማር ወደ ዙር አባ፥ ትርጓሜን ሊሰማ ወደ ጎንደር ይሄዳል። በየአንዳንዱ ቦታ የሚቈየው አራት ቀን ሳይሆን ዓመታት ነው። ልዩነቱ ግን በጊዜው ርዝመት ብቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪ የሚበላው የለውም። በየደጃፉ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፥ አንዲት ባልቴት ቍራሽ ትሰጠዋለች፥ ሌላዋ ደግሞ ታባርረዋለች። ስለዚህ የዚያን አገር ሰው ያውቀዋል። ማን ቸር እንደ ሆነ፥ ማን እንደ ታመመ፥ የማን አዝመራ እንደ ተበላሸ ያውቃል፤ ሊያውቅም ግድ ነው፤ እራቱ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።

በመርከብ የሚማረው ተማሪ ከወደቡ ሰው ምንም አይፈልግም። ጠዋት የራሱን አገር ቍርስ በልቶ ይወርዳል፥ ያያል፥ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ቀኖቹ ሲያልቁም ወደለመደው አልጋው ይመለሳል። አገሩን ከነአልጋው ተሸክሞ ዓለምን ይዞራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ዐሥር አገር አይቶ አንዱንም ሳያውቅ ሊመለስ ይችላል። ከዚህም የከፋው፥ ያላወቀውን ያወቀ መስሎት መመለሱ ነው። አገር ቤት ሳለ «ሕንድን አላውቃትም» ይል የነበረ፥ አራት ቀን ከቈየ በኋላ «ሕንዶች እንዲህ ናቸው» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ይፈርዳል። በአገራችን ላይ በአንድ ሳምንት ጕብኝት መጽሐፍ የጻፉብን ሰዎች አሉና፥ ይህ በሽታ ምን እንደሚመስል እኛ ከሌላው ይልቅ እናውቃለን።

በዚህ ነገር ሳስብ ትዝ ያለኝ የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ታሪክ ነው። ሁላችን የምናውቀው ታሪክ ቢሆንም፥ የትምህርት ጕዞ ታሪክ መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ሜሮጵዮስ የተባለው የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት በመርከብ ሲነሣ፥ ያስተምራቸው የነበሩትን ሁለት ብላቴኖች ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን አብሮ ወሰዳቸው። መምህር፥ ተማሪዎችና መርከብ፤ ከዛሬው በምን ይለያል? በመመለሻቸው ስንቅና ውኃ ፍለጋ በአንድ ወደብ ሲጠጉ የአገሩ ሰዎች ተነሡባቸው፥ በመርከቡ የነበሩትንም ገደሏቸው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ይህን ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ እንደ ሰማው ጽፏል። ብላቴኖቹ በዚያች ሰዓት የት ነበሩ? ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ባዩአቸው ጊዜ ራሩላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

መርከባቸው ጠፋ። ወደ አልጋቸው መመለስ አልተቻላቸውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚበሉት የአክሱምን እንጀራ፥ የሚናገሩትም የአክሱምን ቋንቋ ሆነ፤ ኤዴስዮስ የንጉሡን ጽዋ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስም የመዝገቡና የጽሕፈቱ ኀላፊ ሆኖ አገለገለ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለቅዱስ አትናቴዎስ ስለዚህች አገር ምእመናን ሲያስረዳ የተናገረው እንደ ጐብኚ አልነበረም። ስለዚህም ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ እኛ መለሰው።

ለልጅቱ መርከቧ ይጥፋባት ብዬ አልመኝም፤ እግዚአብሔር ይጠብቃት! ነገር ግን በየወደቡ ጥቂት ጊዜ መርከብ እንደሌላት ሰው ብትሆን እወዳለሁ። ይህም የሚቻል ነገር ነው። ለምሳሌ መርከቡ በደቡብ ሕንድ በኮቺ ቢቆም፥ በዚያ አገር ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ የሆነች የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ምእመናኗም በሐዋርያው በቶማስ ስብከት እንዳመኑ ይናገራሉ። ከጓደኞቿ ጋር የታወቀውን ሕንፃ ከማየት አንዱን ጠዋት ቀንሳ ቅዳሴያቸውን ብታስቀድስ፥ ቋንቋው ባይገባትም የቱ ላይ እንደ ደረሱ ታውቀዋለች፤ ከቅዳሴም በኋላ አንዲት የአገሩ እናት «ከወዴት መጣሽ ልጄ?» ብላ ትጠይቃታለች። በዚህች ጥያቄ የሚጀመረው ትምህርት በአዳራሹ ውስጥ አይገኝም። ወደ ግብጽ ቢያመሩም እንዲሁ ነው። ምእመን በሌለበት ወደብ ደግሞ ቢያንስ መንገድ ትጠይቅ፥ በገበያ ትቀመጥ፥ የምትበላውን ከአንዲት ሻጭ እጅ ትግዛ፤ ስልኳንም በቦርሳዋ ታድርግ።

ስለ ጾሙም ተጠይቄአለሁ። ጕዞው ከጥር እስከ ሚያዝያ ከሆነ ዐቢይ ጾም የሚያገኛት በመርከብ ላይ ነው። ካህን የለም፥ ቅዳሴ የለም፥ ሰሙነ ሕማማትም ምናልባት በሁለት አህጉር መካከል ያልፋል። መንገደኛ ስለሚጾመው ጾም የንስሓ አባቷ የሚሏትን ሳትነሣ በፊት ትጠይቅ፤ እኔ በዚህ ገጽ ላይ የምፈታውና የማስረው ነገር አይደለም። በመርከቡ ማዕድ ሥጋ ለማይበሉ የሚሆን ምግብ ስለሚቀርብ መራቧን አልፈራም። የምፈራው ብቸኝነቷን ነው። ስለዚህ ዳዊቷን ትያዝ፤ እናቲቱም በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓት ከቤት ሆነው የዚያኑ ዕለት መዝሙር ቢደግሙ፥ በሰዓቱ ልዩነት ምክንያት አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ስትተኛ ቢሆንም፥ አንድ መጽሐፍ አብረው ያደርሳሉ።

እንግዲህ ምክሬን ባጭሩ ለእናቲቱ ነገርኋቸው፦ ይፍቀዱላት። ገና ከቤት የወጣች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብትሆን ኖሮ ትቈይ ባልሁ ነበር። እርሷ ግን ሦስት ዓመት ብቻዋን ኖራ፥ ፈቃድ ሳያስፈልጋት ፈቃድ የጠየቀች ልጅ ናት።

እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ ገንዘቡንም ማዕበሉንም ትተው «በሶ ማስገባት ይፈቀድላታል?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ለሌሎችም እናቶች ይጠቅም ዘንድ እመልሳለሁ። ብዙ አገሮች በወደባቸው የእህልና የዱቄት ምግብ ወደ ምድር እንዳይወርድ ይቈጣጠራሉ፥ አንዳንዶቹም ይቀጣሉ። ስለዚህ በሶው በደንብ ታሽጎ፥ በላዩም ላይ ምን እንደ ሆነ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት፥ በመኝታ ክፍሏ ይቀመጥ፤ ወደ ከተማ ስትወርድ ግን በቦርሳዋ አትያዘው።